ከስንብት ወረቀቴ ላይ የቀሩትን ሜዳሊያዎች ለማስመዝገብ ከየት ልጀምር?

የጠባሴው ሾፌር፣ ደብረ ብርሃን

ጤና ይስጥልኝ። ጽሑፌ ረዘም ስለሚል አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ነገሩን አሳጥሬ በጠየቅሁበት ቦታ ሁሉ ያገኘሁት መልስ «ፎርም ሞልተህ ላክ» የሚል ብቻ ስለሆነ፣ በዚህ መንገድ ያለፈ ሰው ቢገኝ ብዬ ዝርዝሩን እንዳለ አቀርበዋለሁ። የወታደር ቤት ዘመኖቼን የምጠቅሰው ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ተወልጄ ያደግሁት ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባለ የገብስ አገር ነው። በዲቪ ዕጣ አሜሪካ ከገባሁ በኋላ በምድር ጦሩ ተቀጥሬ ከኦገስት 2003 እስከ ፌብሩዋሪ 2008 በከባድ መኪና ሾፌርነት አገልግዬ በክብር ተሰናብቻለሁ። ከኦክቶበር 2005 እስከ ኦክቶበር 2006 ያሉትን አሥራ ሁለት ወራት ያሳለፍኩት ኢራቅ ውስጥ ነዳጅና ስንቅ በማመላለስ ነበር። ከሦስት ዓመት ወዲህ ግን የምኖረው ተመልሼ በትውልድ አገሬ ነው።

ችግሬ ያለው በስንብት ወረቀቴ፣ ማለትም ዲዲ 214 በሚባለው ሰነድ ላይ ነው። የሜዳሊያና የሪባን ዝርዝር በሚሰፍርበት 13ኛው ሳጥን ውስጥ የተጻፉልኝ ሦስት ብቻ ናቸው፤ እነርሱም የብሔራዊ መከላከያ አገልግሎት ሜዳሊያ፣ የፀረ ሽብር ጦርነት አገልግሎት ሜዳሊያ እና የምድር ጦር አገልግሎት ሪባን ናቸው። የኢራቅ ዘመቻ ሜዳሊያ የለም። የባሕር ማዶ አገልግሎት ሪባን የለም። አራት ዓመት ተኩል ያለ አንዳች ቅጣት አገልግዬ የመልካም ጠባይ ሜዳሊያም የለም። ከኢራቅ ልንመለስ ስንል በሰልፍ ፊት ደረቴ ላይ የተሰካልኝ የምድር ጦር የምስጋና ሜዳሊያ ሳይቀር አልተመዘገበም፤ የምስክር ወረቀቱን ደግሞ ቤት ስቀይር ጥዬዋለሁ። ከዚህ ሁሉ በላይ፣ በ2006 የጸደይ ወራት ኮንቮያችን በመንገድ ዳር በተቀበረ ፈንጂና በተኩስ ተመትቶ ከፊቴ የነበረው መኪና ሲነድ፣ እኔም ተኩስ እየመለስኩ ያለፍኩበት ቀን አለ። በዚያ ቀን አብረውኝ ከነበሩት መካከል አንዳንዶቹ የውጊያ ተሳትፎ ባጅ ሲሰጣቸው የእኔ ስም ከዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም።

ጥፋቱ ከፊሉ የእኔ ነው። ሰነዱን ያዘጋጀው ጸሐፊ «አንብበህ ፈርም» ሲለኝ ልቤ ቀድሞኝ ወጥቶ ስለነበር ሳላገላብጥ ፈረምኩ። ነገር ግን የስሜም ጉዳይ እጁ ያለበት ይመስለኛል። ስመዘገብ የአያቴ ስም እንደ ቤተሰብ ስም ተወሰደ፤ በኋላ ግን በክፍላችን አንዳንድ ዝርዝሮች ላይ የአባቴ ስም በመጨረሻ እየተጻፈ ይወጣ ነበር፤ የአባቴም ስም በአንድ ፊደል ልዩነት በሁለት ዓይነት መንገድ ተጽፎ አይቼዋለሁ። አንዳንድ ወረቀቶቼ የእኔ ወደሆነው ማህደር ሳይገቡ ቀርተው ይሆናል ብዬ እጠረጥራለሁ።

ለምን አሁን እንደምጠይቅ ልንገራችሁ። አያቴ አርበኛ ነበሩ፤ ሚያዝያ 27 በመጣ ቁጥር ካፖርታቸውን ያስቦርሹና ሜዳሊያዎቻቸውን በየተራ እየሰኩ ከየት እንዳገኟቸው ይነግሩን ነበር። ባለፈው ሚያዝያ ልጄ «አባዬ፣ የአንተስ?» ሲለኝ የማሳየው ወረቀት ስንኳ አልነበረኝም። ሌላው ምክንያት ጤናዬ ነው፤ የመተንፈሻ ሕመም ስላለብኝ ለአሜሪካ የቀድሞ ዘማቾች መሥሪያ ቤት ለማመልከት አስቤያለሁ፤ የዘመቻ ሜዳሊያው አለመመዝገቡ ኢራቅ አልነበርክም እንዳያሰኘኝ ሰጋሁ።

እንግዲህ የማመለክተው መጀመሪያ ለማን ነው? ሦስት ዓመት ካለፈ መብቱ ይቀራል የሚባለው እውነት ነው? የሚፈረሙትን ወረቀቶች ለማረጋገጥስ በየጊዜው አዲስ አበባ ወደ ኤምባሲው መመላለስ ይኖርብኛል?


የመዝገብ ቤቱ ሰው፣ ሜሪላንድ

ወንድሜ፣ እንኳን ለአገርዎ አፈር አበቃዎ። እኔ በአገልግሎት ዘመኔ የሠራተኛ ጉዳይ ጸሐፊ ስለነበርኩ እንደ እርስዎ ያለውን ወረቀት ከሚያዘጋጁት አንዱ ነበርኩ፤ ስለዚህ የሙያ ጓደኛዬን ጥፋት በጥቂቱ ልካስልዎ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያድርጉልኝ። የስንብት ወረቀቱን አውጥተው 18ኛውን ሳጥን፣ የማስታወሻውን ቦታ ያንብቡ። ብዙ ጊዜ ጸሐፊው 13ኛውን ሳጥን በግዴለሽነት ሞልቶ ሲያበቃ 18ኛው ላይ ግን «በኢራቅ ያገለገለ» ብሎ ከቀን እስከ ቀን ያሰፍራል። ይህ መስመር ካለ የጉዳይዎ ግማሹ አልቋል። ፎቶውን ግን እዚህ እንዳይለጥፉት፤ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርዎ በዚያው ወረቀት ላይ ነው ያለው።

አሁን ወደ ፍሬ ነገሩ ልግባ። የጠቀሷቸው አምስቱ አንድ ዓይነት አይደሉም፤ በአንድ ማመልከቻ አጭቀው ከላኳቸው ቀላሉ ከከባዱ ጋር ታስሮ ይቆያል። የኢራቅ ዘመቻ ሜዳሊያና የባሕር ማዶ አገልግሎት ሪባን በቦታው በመገኘት ብቻ የሚገኙ ናቸው፤ የሚያጭ አዛዥም ሆነ የሚጻፍ ጀብዱ አይፈልጉም። የዘመቻ ሜዳሊያው በኖቬምበር 2004 በፕሬዚዳንት ትእዛዝ የተቋቋመ ሲሆን፣ ከማርች 19 ቀን 2003 እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 2011 ባለው ጊዜ ውስጥ ለ30 ተከታታይ ወይም ለ60 የተቆራረጡ ቀናት ኢራቅ ውስጥ የተመደበ ወታደር ሁሉ ይገባዋል። ዘመቻው በምዕራፍ የተከፋፈለ ስለሆነ በየምዕራፉ አንድ አንድ የነሐስ ኮከብ ሪባኑ ላይ ይጨመራል። እርስዎ ሲደርሱ የነበረው ምዕራፍ ያበቃው ዲሴምበር 15 ቀን 2005 ነው፤ ቀጣዩ በማግሥቱ ተጀምሮ እስከ ጃንዋሪ 9 ቀን 2007 ዘልቋል። እርስዎ ሁለቱንም ስለነኩ ሜዳሊያውን የሚጠይቁት ከሁለት ኮከብ ጋር ነው። ብዙ ሰው ኮከቡን ሳይጠይቅ ይቀራል፤ ያልተጠየቀውን ደግሞ የሚያስታውስለት የለም።

የምስጋና ሜዳሊያውና የውጊያ ባጁ ግን የሌላ ሰው ውሳኔ ናቸው። የምስጋና ሜዳሊያ በዲኤ 638 ቅጽ ታጭቶ፣ ሥልጣኑ ባለው አዛዥ ጸድቆ፣ ቋሚ የትእዛዝ ቁጥር ተሰጥቶት የሚሰጥ ነው። በሰልፍ ፊት መሰካቱ ለእርስዎ እውነት ነው፤ ለመዝገቡ ግን ትእዛዙ ነው እውነቱ። የትእዛዙ ቅጂ በማህደርዎ ውስጥ ወይም በዚያን ጊዜ አዛዥዎ በነበረ ሰው እጅ ከተገኘ መመዝገብ ቀላል ነው፤ ካልተገኘ ግን ከባድ ነው። የመልካም ጠባይ ሜዳሊያው በሁለቱ መካከል ነው የሚውለው፤ በየሦስት ዓመቱ ተከታታይ አገልግሎት የሚገባ ቢሆንም ያለ አዛዥ ፈቃድና ትእዛዝ በራሱ አይመጣም።

ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ሙሉ ማህደርዎን ማስመጣት ነው። ፎርም 180 የሚባለውን መጠየቂያ ሞልተው፣ በእጅዎ ፈርመው፣ ሴንት ሉዊስ ወዳለው ብሔራዊ የሠራተኞች መዛግብት ማዕከል ይላኩ፤ በዚያው ወረቀት የጎደሉት ሜዳሊያዎች ተጣርተው እንዲሰጡዎት መጠየቅም ይቻላል። በኢንተርኔትም ይቀርባል፤ ሆኖም ማንነትን የሚያረጋግጠው ሥርዓት የአሜሪካ ስልክና አድራሻ ለሌለው ሰው አስቸጋሪ ስለሆነ በፖስታ ወይም በፋክስ መላኩ ይሻልዎታል። ለዘማቹ ክፍያ የለውም። በ1973 እ.ኤ.አ. በዚያ ማዕከል ተነሥቶ የነበረው እሳት ያጠፋቸው የምድር ጦር መዝገቦች እስከ 1960 የተሰናበቱትን የሚመለከቱ ስለሆኑ «ተቃጥሏል» ብሎ የሚያስፈራራዎ ሰው ቢመጣ አይስሙት፤ የእርስዎ ዘመን መዝገብ በኤሌክትሮኒክ የተያዘ ነው።

የሕክምና ማህደርዎ ግን እዚያ የለም። ከ1992 መጨረሻ እስከ 2013 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ድረስ የተሰናበቱ የምድር ጦር አባላት የሕክምና መዝገብ የተላለፈው ለዘማቾች መሥሪያ ቤት ነው። ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከኢራቅ ስትወጡ ዲዲ 2796 የሚባል የጤና መጠይቅ አስሞልተዋችኋል፤ እዚያ ላይ ጦር መሣሪያ ተኩሰው እንደሆነና ልሞት ነው ብለው የሠጉበት ጊዜ እንደነበረ ተጠይቀዋል። በዚያን ጊዜ «አዎን» ብለው ከመለሱ፣ ከዓመታት በኋላ ከሚጻፍ ከማንኛውም ትዝታ የበለጠ ክብደት አለው።

ስለ ሕመምዎ ያነሡት ሥጋት መሠረት የለውም። በአገልግሎት ላይ ለመርዛማ ጭስና ለመሰል ነገር ለተጋለጡ ዘማቾች በኦገስት 2022 የወጣው ፓክት የሚባለው ሕግ የሚጠይቀው በቦታውና በጊዜው መኖርዎን እንጂ ሜዳሊያዎን አይደለም። ያንን ማመልከቻ ይህን ሲጠብቁ አያዘግዩት፤ ለየብቻ ይሂዱ።

እርማቱ ሲፈቀድ አዲስ 214 ይመጣል ብለው አይጠብቁ። የሚመጣው ዲዲ 215 የተባለ አንድ ገጽ የማስተካከያ ወረቀት ነው፤ ከዋናው ጋር አያይዘው ያስቀምጡታል። ሜዳሊያዎቹ ራሳቸው በሌላ ጊዜ በፖስታ ስለሚመጡ በአሜሪካ ያለ የታመነ ዘመድ አድራሻ ቢሰጡ ይሻላል።


የሸዋ ሮቢት ልጅ

ይህ ሁሉ ውጣ ውረድ ለምን እንደሚያስፈልግ አልገባኝም። የጎደለውን የሚያስተካክል የሪከርድ እርማት ቦርድ እያለ ከታች ጀምሮ ወረቀት መለመን ጊዜ ማባከን ነው፤ ሁሉንም በአንድ ላይ ለቦርዱ ይጻፉ። ሜዳሊያውን ብቻ ከፈለጉ ደግሞ በኢንተርኔት በጥቂት ዶላር ይሸጣል።


የአንኮበሯ፣ የሕግ ቢሮ ረዳት

ወንድም የሸዋ ሮቢት ልጅ፣ ቅን ሐሳብ እንደሆነ አልጠራጠርም፤ ምክሩ ግን ሰውየውን ቢያንስ አንድ ዓመት ያስከስረዋል። የምድር ጦር የሪከርድ እርማት ቦርድ ከታች ያለው የአስተዳደር መንገድ ካላለቀ ጉዳዩን ሳይመለከት ሊመልሰው ይችላል። ሜዳሊያውን ከሱቅ ስለመግዛት የተባለውን በተመለከተ፣ ጠያቂው የጠየቁት ስለ መዝገብ ነው፤ ብረቱ እኮ ሲፈለግ ይገኛል።

ስለ ቦርዱ ጥቂት ልበል፤ ምክንያቱም የውጊያ ባጁና ምናልባትም የመልካም ጠባይ ሜዳሊያው መጨረሻቸው እዚያ ሊሆን ይችላል። ከ1946 እ.ኤ.አ. በፊት በወታደር መዝገብ ላይ ያለ ስሕተት ካልታረመ ባለጉዳዩ የነበረው መንገድ የምክር ቤት አባል ለምኖ ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆን የግል ሕግ ማውጣት ነበር። ያንን ሸክም ለማስቀረት በዚያ ዓመት በወጣ ሕግ ሥልጣኑ ከሲቪል ሰዎች ለሚመሠረቱ ቦርዶች ተሰጠ። ጉዳይዎን የሚያዩት ሦስት ሲቪሎች ናቸው። ማመልከቻው ዲዲ 149 ይባላል፤ እርሱም ክፍያ የለውም፤ ጠበቃም ግዴታ አይደለም። ሕጉ ዘጠና በመቶ የሚሆነው ጉዳይ በአሥር ወራት ውስጥ፣ ሁሉም ደግሞ በአሥራ ስምንት ወራት ውስጥ እንዲወሰን ያዛል። ስለዚህ ትዕግሥት ይኑርዎ።

የሦስት ዓመቱ ገደብ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሰዎች እንደሚያወሩት በሩን ቆልፎ የሚያስቀር አይደለም። ጊዜው የሚቆጠረው ስሕተቱ ከታወቀበት ወይም መታወቅ ከነበረበት ቀን ጀምሮ ነው፤ ከዚያም በኋላ ቢሆን ቦርዱ ለፍትሕ ሲባል መዘግየቱን ሊያልፈው ይችላል። በማመልከቻው ላይ «ለምን ዘገዩ?» የሚል ጥያቄ አለ። ብዙ ሰው ይህን ባዶ ይተወዋል ወይም «አላወቅሁም ነበር» ብሎ ያልፋል። እርስዎ ግን እዚህ የጻፉትን ያህል ይጻፉ፤ ሳያነብቡ መፈረምዎን፣ የስምዎን መምታታት፣ ጉድለቱን መቼና እንዴት እንዳወቁ። የጥፋትዎን ድርሻ አይደብቁ፤ በምሠራበት ቢሮ ያየሁት የተቀበለ ሰው እንጂ የካደ ሰው ሲታመን አይደለም።

ትልቁ ነገር ማስረጃ ነው። ቦርዱ መርማሪ አካል አይደለም፤ እርስዎን ወክሎ መዝገብ ቤት አይፈትሽም። መነሻ ግምቱም የሠራዊቱ አሠራር ትክክል ነበረ የሚል ስለሆነ ያንን የማፍረስ ሸክም የእርስዎ ነው። ለመልካም ጠባይ ሜዳሊያ በማህደር ውስጥ የሚያስከለክል ነገር አለመኖሩን መሠረት አድርገው የተፈቀዱ ብዙ ውሳኔዎች አሉ፤ የቦርዱ ውሳኔዎች የባለጉዳዩ ስም ተሰርዞ ለሕዝብ ክፍት ስለሆኑ ከእርስዎ ጋር የሚመሳሰሉትን ፈልገው ያንብቡ። ለባጁ ግን «በአካባቢው ነበርኩ» ማለት አይበቃም። ባጁ በሜይ 2005 ሲቋቋም የተቀመጠው መስፈርት ወታደሩ ጠላትን እየተዋጋ ወይም በጠላት እየተጠቃ በቦታው በግሉ መገኘቱን ይጠይቃል፤ ስለዚህ ቀኑ፣ መንገዱ፣ የእርስዎ መኪና በሰልፉ ውስጥ የነበረበት ተራ፣ ፈንጂው የት እንደፈነዳ፣ እርስዎ ምን እንዳደረጉ መጻፍ አለበት።

አሁን ወደ ኤምባሲው ጥያቄ ልመለስ፤ እዚህ ላይ ብዙ የአገራችን ሰው ገንዘቡን ይጨርሳል። በኤምባሲ አንድ ማኅተም ሃምሳ ዶላር ነው፤ ከደብረ ብርሃን ወደ መቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር መጓዙ ሳይቆጠር ማለት ነው። ይሁን እንጂ የአሜሪካ ሕግ ከአገሩ ውጭ ያለ ሰው ያለ ኖታሪ፣ ማለትም ያለ ሰነድ አረጋጋጭ፣ የሚሰጠውን የጽሑፍ ቃል ይቀበላል፤ ከቃሉ መጨረሻ «በአሜሪካ ሕግ መሠረት በሐሰት መስካሪነት የሚያስጠይቀኝ መሆኑን አውቄ ከላይ የተጻፈው እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ» የሚለው በእንግሊዝኛ ተጽፎ ቀንና ፊርማ ከተደረገበት ይበቃል። ከአገር ውጭ ለሚጻፍ ቃል «በአሜሪካ ሕግ መሠረት» የሚለው ሐረግ እንዳይቀር። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር እንዳይጽፉ ብዬ ባስጠነቅቅ አይሳቁብኝ፤ አንድ ባለጉዳያችን ገና ያልተወለደ ያህል ወጣት ሆኖ ተገኝቶ ነበር።


የጠባሴው ሾፌር

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በሁለት ሌሊት ውስጥ የተማርኩት በብዙ ዓመት ካወቅሁት ይበልጣል።

18ኛውን ሳጥን አነበብኩት። «በኢራቅ ያገለገለ» ይላል፤ የሄድኩበትም የተመለስኩበትም ቀን በቁጥር ተጽፏል። ይህን ወረቀት ስንት ጊዜ አጥፌ ዘርግቼዋለሁ፤ ሁልጊዜ ግን የማየው የጎደለውን ሳጥን ነበር። በተጨማሪም የእናቴን ሣጥን ስፈትሽ ከዚያ ዘመን የደመወዝ መግለጫዎቼ አራቱን አገኘሁ፤ በየአንዳንዱ ላይ የጠላት እሳት አበል ተብሎ 225 ዶላር ተጨምሯል። የሚጠቅም ከሆነ ብዬ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ።

የምስጋና ሜዳሊያውን የምስክር ወረቀት ፎቶ ያነሣ ሰው ይኖር እንደሆነ የቀድሞ የጓድ መሪያችንን በፌስቡክ ፈልጌ አግኝቼዋለሁ፤ ቴክሳስ ነው ያለው። ፎቶ የለውም። ነገር ግን በዚያ የጥቃት ቀን ከእኔ ሁለት መኪና ኋላ እንደነበረና እንደሚመሰክርልኝ ነግሮኛል። ስለ ስሙ መምታታትስ ምን ላድርግ? በደመወዝ መግለጫው ላይ ስንኳ የአባቴ ስም በሌላ ፊደል ነው የተጻፈው።


የቃኘው ልጅ፣ መሐል ሜዳ

ልጄ፣ የአሜሪካኑን ወረቀት አላውቀውም፤ ይሁን እንጂ ስለ ምስክር የማውቀው ነገር ስላለ ልናገር።

አባቴ በ1943 ዓ.ም. ከመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምተው፣ ከአሜሪካ ሰባተኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተመድበው ተዋግተዋል። ከዚያ ያመጡት የተባበሩት መንግሥታት ሜዳሊያ ነበራቸው። ያ ሜዳሊያ በየዘማቹ አገር ቋንቋ የተሠራ ስለነበር የአባቴ ላይ ያለው ጽሑፍ በአማርኛ ነው፤ ሪባኑ ሰማያዊና ነጭ ጠባብ መስመሮች ናቸው። በደርግ ጊዜ መንግሥት ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሲወዳጅ አባቴ ደቡብ ኮሪያን የረዳ ሰው መባሉን ፈርተው ወረቀታቸውን አቃጠሉ፤ ሜዳሊያውን ግን በጨርቅ ቋጥረው ገብስ ጎተራ ውስጥ ቀበሩት። ሥርዓቱ ሲለወጥ አውጥተውት ነበር።

ችግሩ የመጣው ከሞቱ በኋላ ነው። ስማቸውን በዘማቾች ዝርዝር ውስጥ ለማስገባት አንድ መሥሪያ ቤት ስንሄድ «ሜዳሊያ ማንም ይይዛል፤ ወረቀት አምጡ» አሉን። ወረቀቱ የለም። የሚመሰክሩ ሦስት ጓደኞቻቸው ነበሩ፤ አንዱ እዚሁ መንዝ፣ አንዱ ሰላ ድንጋይ፣ አንዱ አዲስ አበባ። ዛሬ ነገ ስንል፣ በመኸር ነው በክረምት ነው ስንል የሰላ ድንጋዩ ዐረፉ፤ በዓመቱ የመንዙ ተከተሉ። የአዲስ አበባው ሽማግሌ ቃላቸውን ለመስጠት ሲመጡ የአባቴን የሻምበል ቁጥር እንጂ ስማቸውን ማስታወስ አቅቷቸው ነበር። ፎቶግራፉን ሳሳያቸው ግን «ይኸ መትረየስ ተሸካሚው ነው» ብለው አለቀሱ። በዚያ ቃልና ከፎቶው ጀርባ በነበረው ጽሑፍ ነው ስማቸው የገባው።

አንተ የጓድ መሪህን አግኝተኸዋል። ዛሬ ጻፍልኝ በለው። ስልኩ ላይ በቃል የነገረህ ለማንም አይሆንም።


የመዝገብ ቤቱ ሰው፣ ሜሪላንድ

አባታችን የተናገሩት ልክ ነው፤ እኔም ከዚሁ ልቀጥል።

የጓድ መሪው ምስክርነት እንዲሠራ የራሱን ማዕረግና በዚያን ጊዜ የነበረውን ኃላፊነት ጽፎ ይጀምር። ቀጥሎ በዓይኑ ያየውን ብቻ ይጻፍ። «ጎበዝ ወታደር ነበር» የሚሉት ዓይነት ምስጋናዎች ቦታ ይይዛሉ እንጂ አይጠቅሙም፤ ከእርስዎ ሁለት መኪና ኋላ ሆኖ ፈንጂው ሲፈነዳ ምን እንዳየ፣ የእርስዎ መኪና ከፍንዳታው ምን ያህል እንደራቀ፣ ተኩስ ሲመልሱ ማየቱን ወይም መስማቱን ይጻፍ። ባጅ የተሰጣቸውን የሌሎቹን ሰዎች ስም ከጠቀሰና ከመካከላቸው አንዱ የባጁን ትእዛዝ ቅጂ ከላከልዎ፣ ያ ትእዛዝ የጥቃቱን ቀን ስለሚይዝ የእርስዎ ቃል ከሰነድ ጋር ይታሰራል። እኔ ብሆን ከሁሉ በፊት እርሱን ነበር የምፈልገው። እግረ መንገድዎን የምስጋና ሜዳሊያው በአንድ ትእዛዝ ለብዙ ሰው ተሰጥቶ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ አንድ ትእዛዝ የሙሉ ጓድ ስም ይይዛል፤ የሌላው ሰው ቅጂ ውስጥ የእርስዎ ስም ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።

የስሙን ጉዳይ አይፍሩት። ማህደር የሚፈለገው በሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ነው፤ በፎርም 180 ላይ በአገልግሎት ጊዜ የተጠቀሙበትን ስም በስንብት ወረቀቱ ላይ እንዳለው አድርገው ይጻፉ፤ ከዚያም በአስተያየት ቦታው ላይ ስሙ የተጻፈባቸውን ሌሎች ዓይነቶች ሁሉ ይዘርዝሩ። በኢትዮጵያ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር እንደሌለ፣ ሦስቱ ስሞች የራስዎ፣ የአባትዎና የአያትዎ መሆናቸውን በሁለት ዐረፍተ ነገር ቢያስረዱ መዝገቡን የሚያነብበው ሰው ያመሰግንዎታል። በሥራ ላይ ሳለሁ ይህን የሚያስረዳኝ ወታደር ባገኝ ኖሮ ስንት ወረቀት ባልመለስኩ ነበር።

የደመወዝ መግለጫዎቹ ጥሩ ማስረጃ ናቸው፤ ቅጂውን ብቻ ይላኩ። ዋናው ከእናትዎ ሣጥን አይውጣ።


የአንኮበሯ፣ የሕግ ቢሮ ረዳት

አንድ የቀረ ነገር አለ። ቦርዱ በመጨረሻ ባጁን ቢከለክልዎ አዲስ ማስረጃ ባገኙ ጊዜ እንደገና እንዲታይ መጠየቅ ይችላሉ፤ ቀድሞ ያልቀረበ ነገር እስከሆነ ድረስ የጊዜ ገደብ የለውም። ስለዚህ የትእዛዙን ቅጂ ፍለጋ ማመልከቻው ከተላከ በኋላም አያቁሙት።


የጠባሴው ሾፌር

ፎርም 180 ተሞልቶ ተፈርሟል፤ የወንድሜ ልጅ ነገ በጠዋት አዲስ አበባ ስለሚሄድ እርሱ ፖስታ ቤት ያደርሰዋል። የጠየቅሁት የኢራቅ ዘመቻ ሜዳሊያን ከሁለት ኮከብ ጋርና የባሕር ማዶውን ሪባን፣ ከዚያም የማህደሬን ሙሉ ቅጂ ብቻ ነው፤ ሌሎቹን ማህደሩ ሲደርስ አያቸዋለሁ። የሕክምና መዝገቡን ለዘማቾች መሥሪያ ቤት ለየብቻ ጽፌያለሁ።

ጋሼ የቃኘው ልጅ፣ ምክርዎን ሰምቼ ለጓድ መሪው ያኑ ዕለት ደወልኩ። ሁለት ገጽ ጽፎ ልኮልኛል፤ የመንገዱን ስም እኔ ረስቼው እርሱ አስታውሶታል። ባጅ ከተሰጣቸው አንዱ ስልኩ ስለማይነሣ በሌላ ሰው በኩል እያፈላለግሁ ነው። ምላሽ ሲመጣ እዚሁ እጽፋለሁ።